ከእሷ በኩል የተደፈነው በር

ሰኞ፣ ኅዳር 3

በሩን የደፈንኩት እኔ አይደለሁም።

ዛሬ ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ የቆሙት ሁለት ሴቶች፣ እትዬ ቀይ እስክሪብቶ ጎረቤቷን በግንብ ዘጋችባት፣ ያን ያህል ዘመን በአንድ በር ሲገቡ ሲወጡ ኖረው፣ እርጅና ክፉ ነው ሲባባሉ ሰማሁ። ከኋላቸው መሆኔን አላወቁም። ቀይ እስክሪብቶ እኔ ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ተማሪዎቼ ዛሬ አያት ሆነዋል፣ እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ስሙ ብቻ ገና በሥራ ላይ ነው። እዚያው ላርማቸው አስቤ ነበር። ግን ሰልፍ ነው፣ ሰው ቸኩሏል... እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የመንገዳችን ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። በሰዓት እላፊው ዘመን፣ ከመሸ ደጅ የተገኘ ሰው ይተኮስበት በነበረበት ጊዜ፣ ሰዉ መላ ፈጠረ። ግድግዳውን በሳ። ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ። ጎንበስ ብለው የሚያልፉበት ቀዳዳ፣ ፊቱ ቁም ሳጥን ወይም መጋረጃ። መንገድ ሳይረግጡ ጨው መበደር፣ በሽተኛ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ ይቻል ነበር። ሰዓት እላፊው ሲነሳ ሁሉም ቀዳዳውን መልሶ ደፈነ። እኔና የጎን ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልደፈንንም። አናጢ ጠርተን በር አስገጠምንበት። ባሎቻችን ሞቱ፣ ልጇ አድጋ ወጣች፣ በሩ ግን ቁልፍ አያውቅም ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ወጥ ቤት ቆሜ የግንበኛ ማንኪያ ጡብ ሲነካ ሰማሁ። ከእሷ በኩል። ሥራው ሲያበቃ በሬን ብከፍተው ጡብ። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው።

ለምን? አልነገረችኝም። አልጠየቅኋትም። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንዴት አደርሽ፣ ደህና... ይኸው ነው።

የታረመው ወሬ ይህ ነው። መጋረጃዎቹን አጠብኩ። አንዱ ቀለሙን ለቀቀ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት። እንደተለመደው ሰዉ ስለ ድሮ ኑሮ የሚከነክነውን ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ኃላፊው "አላውቅም" ከበዛ ሰው ይቀንሳል ብሎ ይሰጋል። ይቀንስ።

ፋርማሲስቱ የወንድና የሴት ሸሚዝ ቁልፍ ለምን በተለያየ ጎን እንደሚተከል ጠየቀ። ብዙ ግምት አለ፣ አንዱም በማስረጃ የቆመ አይደለም አልኩት። እንግዲያው ደስ የሚለኝን ልምረጥ አለ። ታሪክ የሸሚዝ ገበያ አይደለም አልኩት። ሳቁ። ለማሳቅ አልነበረም።

ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ። የማንቂያ ሰዓት ሳይስፋፋ የፋብሪካ ሠራተኛ በምን ይነቃ ነበር? በረጅም ዘንግ መስኮት እየቆረቆረ የሚቀሰቅስ ሰው በአንዳንድ ከተሞች እንደነበረ ነገርኩት። ቀስቃሹንስ ማን ይቀሰቅሰዋል አለ። ያን ጊዜም በዚሁ ይቀልዱ ነበር አልኩት። ቀልዱ የራሱ ስለመሰለው ትንሽ ቅር አለው።

ከኋላ የተቀመጠው ጡረተኛ ሹፌር ደግሞ፣ መስኮት ግብር ይከፈልበት ነበር የሚባለው እውነት ነው ወይ አለ። እውነት ነው። ግብሩን ለመሸሽ ሰዉ መስኮቱን በጡብ ይደፍን ነበር። በጨለማ መኖር ከመክፈል ተሽሎት። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። "ሰው እኮ የደፈነውን ሁሉ ጠልቶ አይደለም የሚደፍነው" አለ። እሱ የሚያወራው ስለ ግብር ነው...

ወደ ቤት ስመለስ በሷ መስኮት በኩል አለፍኩ። መጋረጃው ተዘግቷል። ቀን ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ነርሷ፣ በደጅ በር አንኳኳች። በደጅ በር ስትመጣ እስካሁን አይለምድልኝም። በልጅነቷ በግድግዳው በር እየዳኸች ገብታ ጠመኔዬን ትበላ ነበር።

አልቀመጥም አለች። እናቷን ወደ እሷ ቤት ልትወስድ ነው፣ በወሩ መጨረሻ። ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ፎቅ ላይ። ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም አለች። ለምን? አላልኩም። የሚነገረኝን እየጠበቅኩ ዝም። እሷም የምጠይቃትን እየጠበቀች ዝም። ሁለታችን በር ላይ እንደ ተተከለ አጥር።

"እትዬ፣ ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን ብቅ ቢሉላት።"

ከተጠራሁ እመጣለሁ አልኳት። ይኸው ጠራሁዎት እኮ አለች። አንቺ ሳትሆኚ እሷ አልኩ። ፊቷ ደከመው። ደህና ይዋሉ ብላ ሄደች።

ያሳደጉን እንደዚያ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት የመኝታ ክፍል ኃላፊዋ "ያልተነገረሽን አትጠይቂ፣ የተጠየቅሽውን አታጉድዪ" ትለን ነበር። ሁለተኛውን በሥራዬ አከበርኩ። የመጀመሪያውን በኑሮዬ። ያኔ ጨዋነት ይባል ነበር... አሁን ምን ይባላል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

አልሄድኩም። ዝናብ ነው ልበል? ዝናብ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ቤተ መጻሕፍት። አንዲት የሕግ ተማሪ በሰዓት እላፊው ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት ምን ትሆን ነበር ብላ ጠየቀች። መጽሐፍ ላይ አዋጁ አለ፣ ቅጣቱ አለ፣ ምጡ የለም አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው አልኳት። ከዚህ በፊት እንዲህ ብዬ የማውቅ አይመስለኝም፤ ኃላፊው ቀና ብሎ አየኝ።

ነገርኳቸው። የልብስ ሰፊዋን ስም ሳላነሳ፣ ሁሉም እያወቀ። አዋላጇ የምትኖረው ረድፉ ጫፍ ላይ ነው። መልእክቱ በየግድግዳው ቀዳዳ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ከእኛ ሲነሳ "ምጥ ይዟታል" ነበር፤ ጫፍ ሲደርስ "መንታ ወለደች" ሆኗል። አዋላጇ መንታ ነው ብላ ድርብ ዕቃ ተሸክማ መጣች። አንዱ ቤት ስትደርስ ባልና ሚስት እየተጣሉ ነው። ጠቡን አቁመው ቁም ሳጥኑን አነሱላት፣ መንገዱን አሳዩአት፣ ካለፈች በኋላ ካቆሙበት ቀጠሉ። ሌላው ቤት አባወራው ገንዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ ገላውን ይታጠባል። ጨዋ ሰው ነውና አክብሮ ሊነሳ ሲል፣ አዋላጇ ፊቷን አዙራ፣ "ኧረ በሞቴ አይነሱ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፀጉር አስተካካዩ ግን እጁን አወጣ። ያ ሰው አባቴ ነው፣ ሲነግረን ፂሜን እየተላጨሁ ነበር ነው ያለን አለ። ገንዳ ውስጥ ነበር አልኩት። ነፍሱን ይማረውና ፂሙን ይተዉለት እትዬ አለኝ። ገንዳ ውስጥ ነበር አልኩ እንደገና። ልክ ነው፣ ገንዳ ውስጥ ነበር። አዋላጇ ናት የነገረችን።

ከዚያ ያቺ ተማሪ፣ ነገሩን ሳታውቅ፣ የመጨረሻውን ቀዳዳ ማን ደፈነው ብላ ጠየቀች። ሰዉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጎረቤቴ ናት አልኩ። ለምን? አልጠየቅኋትም።

"እኛን በየሳምንቱ ታርሚያለሽ፣ እትዬ" አለኝ ፀጉር አስተካካዩ፤ ሲናደድ አንቺ ይለኛል። "ለራስሽ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አቅቶሽ ሁለት ዓመት?"

ዛሬ ማንም አላጨበጨበም።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

የጠፋ ምክንያት እንዴት ይፈለጋል? ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ ኋላ ነው። ተማሪዎቼን ያስተማርኩት እንዲህ ነው። ይኸው።

በሩ ከመደፈኑ በፊት በነበሩት ወራት... ሰዓት እላፊው የተነሳ ቀን ዝናብ ነበር አለች ጎረቤቴ። ደረቅ ፀሐይ ነው፣ ሰዉ አስፋልት ላይ ተኝቶ ሲንከባለል አቧራ ነበር አልኳት።  ሌላ ቀን የአንዲት ባንክ ሠራተኛ ቀሚስ ልኬት አበላሽታ አለቀሰች። ሜትሩን ገልብጠሽ ይዘሽ ነው አልኳት። ልክ ነበርኩ። መቀሷን እኔ ዘንድ ረስታ መጥታ ጠየቀች፣ ሰጠኋት፣ ተመልሳ መጥታ ጠየቀች። አሁን ወስደሻል አልኩ። ልክ ነበርኩ። "ያ... ያ ምንድን ነው ስሙ" ስትል ቃሉን ከአፏ ቀድሜ እሰጣት ነበር። እየረዳኋት።

በየትኛው አስቀየምኳት? ከአንድ እስከ መጨረሻ አየሁት። አንድም ስህተት አላገኘሁም። ያልኩት ሁሉ ልክ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የእሷ ነው ማለት ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ሄድኩ።

በደጅ በኩል ሲሄዱት ቤቷ ሩቅ ነው። አጥሩን ዞሮ፣ ደረጃውን ወጥቶ... ጎንበስ ብዬ እገባበት የነበረ ቤት ቀጥ ብዬ ስገባ ጣሪያው ከፍ ያለ መሰለኝ። ዕቃው ተጠቅልሏል። የስፌት መኪናዋ በአንሶላ ተሸፍኖ በሩ አጠገብ። ልጇ ወንበር ሰጠችኝ። እሷ መስኮቱ ጥግ፣ ጨርቅ ጭኗ ላይ፣ ስፌት እየፈታች። ቀጭናለች። ፀጉሯ በደንብ ተሠርቷል። እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ብድግ ብላ እጄን ጨበጠችኝ። "እንኳን ደህና መጡ" አለችኝ። መጡ። እኔን።

ተኮራርፈን ስለሆነ ነው ብዬ ወሰድኩት። ተቀመጥኩ። እንዴት እንደሚጀመር ስለማላውቅ ቀጥታ ጠየቅኩ። በሩን ለምን ደፈንሽው?

ጨርቁን አስቀመጠች። ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ ጠጋ አለችኝ። የሚስጥር ድምፅ።

"ከግድግዳው ማዶ አንዲት አስተማሪ አለች" አለችኝ። "አያውቋትም? ጎበዝ ናት። ምንም አይጠፋትም። እኔ ደግሞ ቃል እየጠፋኝ መጣ። ልጄ ሳታውቅ እኔ ነኝ መጀመሪያ ያወቅኩት። ታዲያ በየቀኑ ትሰማኛለች፣ በየቀኑ ታቃናኛለች... የማይቃና ሆነብኝ። ዘጋሁት። ብትቀየመኝ ይሻላል አልኩ። እየተቀየመችኝ ድሮ የምታውቃትን እኔን ታስባለች። ካዘነችልኝ ግን ያቺም ሴት አለቀች።"

ልጇ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ፣ አላወቁም ነበር እንዴ እትዬ፣ እሳት ለኩሳ ትረሳለች፣ ሰው ትረሳለች አለችኝ። አላወቅኩም። ግድግዳ ተጋርተን። እኔ፣ ማስረጃ ሳላይ አልናገርም የምለዋ።

ምን ማለት ነበረብኝ? ምንም። ዝም ብሎ እጇን መያዝ። እሷ ግን ደስ ብሏት ቀጠለች። ስለ አስተማሪዋ ልትነግረኝ። ልጄን ስወልድ፣ በዚያ በተኩሱ ጊዜ፣ አዋላጇን ያመጣችልኝ እሷ ናት አለች። በባዶ እግሯ፣ ሁሉንም ግድግዳ ሾልካ፣ ጫፍ ድረስ ሮጣ።

"አይደለም" አልኩ። "መልእክቱ ነው የሄደው። እኔ እዚሁ ፋኖስ ይዤ ቆሜ ነበር።"

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እጅ ሲጠጋው ዓይን እንደሚጨፈን ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ተሰበሰበ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። አንድ ጊዜ እንኳ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት፣ እንደ ተማሪዎቼ።

"ይቅርታ" አለች። "ተሳሳትኩ።"

ጨርቁን አነሳች። ስፌቷን መፍታት ቀጠለች። ልጇ እስከ ደጅ ሸኘችኝ። 

አርብ፣ ኅዳር 21

ምን ነበረበት ብሮጥ? በእሷ ታሪክ ውስጥ በባዶ እግሬ ብሮጥ ማን ይጎዳ ነበር?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

የወሩ መጨረሻ አልተጠበቀም። ዛሬ ጠዋት የጭነት መኪና መጣ። የስፌት መኪናዋን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሲያወጡ በመስኮት አየሁ። እሷ ኮት ለብሳ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። ልውጣ አልውጣ ስል... ብወጣስ ምን እላለሁ? ብታውቀኝ ትፈራኛለች፣ ባታውቀኝ "እንኳን ደህና መጡ" ትለኛለች። መጋረጃው ኋላ ቆምኩ። ቀለሙን የለቀቀው ነው። መኪናው ሄደ።

ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሄጄ ምን ተጠየቅኩ? ሰዎች እጅ መጨባበጥ ለምን ጀመሩ። መሣሪያ አለመያዛቸውን ለማሳየት ነው ይባላል፣ የተረጋገጠ አይደለም። ሌላ አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ባዶ ቤት ድምፅ አለው። ከዚህ በፊት የማልሰማው መስሎኝ የነበረ የእሷ ድምፅ ሁሉ... ቧንቧ፣ ወንበር፣ ሳል። አሁን ሲጠፋ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰማው እንደኖርኩ የገባኝ። ጡቡ ስስ ነው። እሷም ትሰማኝ ነበር ማለት ነው። ብቻዬን ሬዲዮኑን ስከራከር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ልጇ ደወለች። ያልጠበቅኩት። እናቷ አልለመደችም። አዲሱ ቤት ግድግዳውን በመቀስ እጀታ ትቆረቁራለች አለች። ከወዲያ ያለው የማያውቁት ሰው ነው፣ ሂሳብ ሠራተኛ፣ ሁለት ጊዜ መጥቶ ምን ልርዳችሁ ብሏል። ከፈቀዱ ይምጡላት አለችኝ። ስልኩን ሳትዘጋ፦

"ግን እትዬ... አይቆጧት።"

ተቆጥቻት አላውቅም አልኳት። በሕይወቴ አንድ ቀን ተቆጥቻት አላውቅም።

"እርስዎ ሲያርሙ መቆጣት አይደለም" አለች። "ለእሷ ነው።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቆምኩ። ልጅቷ ጠመኔ ስትበላም "አይደለም፣ ይህ ምግብ አይደለም" እያልኩ ነበር። ሌላው ሰው ቢሆን ከአፏ ያወጣላት ነበር። እኔ አስረዳኋት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

ዛሬ ቤተ መጻሕፍት አልሄድኩም። ቅዳሜ ስቀር የመጀመሪያዬ ነው፤ ኃላፊው ታምሜ መስሎት ደወለ። ደህና ነኝ፣ ሥራ አለብኝ አልኩት።

በአውቶቡስ ሄድኩ። ፎቁ ረጅም ነው፣ አሳንሰሩ አይሠራም። በየወለሉ እያረፍኩ ወጣሁ። በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ናት፤ ልጇ ከኋላዋ።

አየችኝ። ፊቷ በራ። "አዋላጇ መጣች!" አለች ወደ ውስጥ እየጮኸች። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያቺ አዋላጅ ከሞተች ቆይታለች። ከእኔ አጭር ነበረች፣ ወፍራም ነበረች... ልጇ አየችኝ። ዋጥኩት። ደረቅ ዳቦ እንደሚዋጥ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። የአልጋ ልብስ ጠርዝ እያጠፈች ትሰፋለች። ስፌቱ ጠማማ ነው፣ ክሩም የማይሄድ ቀለም ነው። ሌላውን ጫፍ ያዝኩላት። እየሰፋች ስለዚያ ስለ ምጡ ቀን ጀመረች። አስተማሪዋ በባዶ እግሯ ስትሮጥ። ዝናብ ሲዘንብ። አልዘነበም፤ አሁን ግን ዘነበ። ሮጣ ጫፍ ደረሰች።

"ከዚያስ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ስንት ዘመን እንዳልጠየቅኋት አላውቅም። ጠይቄያት አውቃለሁ? ስፌቷን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ከዚያማ" አለች፣ "ወታደር መንገድ ላይ አለ፣ ሁሉም ዝም በዪ፣ ድምፅሽን ዋጪ ይሉኛል። ባሌ ሳይቀር። አስተማሪዋ ብቻ ጆሮዬ ላይ መጥታ፣ 'ጩኺ' አለችኝ። 'አንቺ ጩኺ፣ እኔ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ።' ጮኽኩ። ልጄ መጣች።"

ልጇ ይህን ሰምታ አታውቅም። እኔም። ብዬ ነበር? ፋኖሱን አስታውሳለሁ፣ ጨርቁን አስታውሳለሁ፣ ገንዳውን የነገረችንን አስታውሳለሁ። ይህን አላስታውስም። አላልኩም ለማለትም ማስረጃ የለኝም። እኔ የማውቀው ታሪክ ውስጥ ፋኖስ ይዤ ቆሜያለሁ። እሷ ታሪክ ውስጥ ያለችው እኔ ጩኺ ትላለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከየትኛዋ ጋር ግድግዳ መጋራት ይሻላል...

ሁለት ዓመት። ያን ሁሉ ስታስታውስ ሁለት ዓመት በጡብ ማዶ ነበረች። ያኔ ብጠይቃት ስሜን ጠርታ ትነግረኝ ነበር። አሁን የምትነግረኝ ለአዋላጇ ነው። ይህን ማንም አይመልስልኝም። ደረጃውን ስወርድ ያለቀስኩት ለዚህ ነው፤ የልጇ ጎረቤት፣ ሂሳብ ሠራተኛው፣ ተንሸራተው ነው ወይ እማማ ብሎ ክንዴን ያዘኝ። አዎ አልኩት። አልተንሸራተትኩም።

ከመውረዴ በፊት፣ ልትሸኘኝ ስትወጣ፣ ልጄን ደህና አድርገሽ አይተሻታል ወይ አለችኝ። ያቺ ልጅ፣ ባለ ነጭ ፀጉሯ ነርስ፣ አጠገቧ ቆማለች። ጤነኛ ናት፣ ሙሉ ናት አልኳት። ነገም ትመጫለሽ ወይ አለች። እመጣለሁ።

እንግዲህ ነገ። መጀመሪያ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደውሎ ቅዳሜን ለፀጉር አስተካካዩ እንዲሰጠው መንገር፤ አባቱንም ፂሙን እንዲላጭ ይተወው። ከዚያ ክር መግዛት፣ እሷ የመረጠችውን ቀለም። ከዚያ ለደረጃው የሚመች ጫማ ማውጣት። ከዚያ አውቶቡሱ ሳይሞላ መሳፈር። በሩን ስትከፍት ማን እንደሆንኩ እስክትናገር መጠበቅ፣ የተናገረችውን መሆን።